ባቄላ የማያበስለው ቧንቧ

መርሳ ዳር፣ ከተማው አልቆ ማሳው ሊጀምር ሲል፣ አዲስ ሰፈር ተሰጠን። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው ቦታ የተመራነው። ቤታችን ጭቃ ነው፤ ክዳኑ ግን ቆርቆሮ። ያኔ ቆርቆሮ ያለው ሰው ኩራቱ አይጣል ነበር። ዝናብ ሲመጣ እየጮኸ አያነጋግረንም፤ ስለዚህ ጥሩነቱን የምናወራው ሲያባራ ነው።

ውሃ ከወንዝ ነበር የምንቀዳው። ወንዙን ከላይ ከብት ይጠጣዋል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ የቀረው ወደ ብርቱካኑና ወደ ማንጎው ይጠለፋል። ለእኛ የሚደርሰን ከዚያ የተረፈው ነው። ልጆቼ ሆዳቸውን ሳያማቸው የከረሙበትን ወራት አላስታውስም። በኋላ ከጉድጓድ በሞተር የሚሳብ ቧንቧ መጣልን፤ መጀመሪያ ቦኖ፣ ቀጥሎ ለየግቢው። ውሃው በብርጭቆ ሲቀዳ የለም ትላላችሁ፣ እንዲያ ጥርት ያለ። ልጆቹ በዚያው ሆዳቸው ዳነ። ከዚያ ወዲያ ቧንቧዬን ማንም ክፉ እንዲናገርብኝ አልወድም ነበር።

አመል ግን ነበረው። ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ይላል፤ ብታሹት ብታሹት ነጭ እድፍ ሆኖ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ነጠላ ታጥቦ ሲደርቅ ይገተራል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ደግሞ ነጭ ነገር ይጋገርበታል፤ በማንኪያ ጀርባ መታ መታ ሳደርገው እንደ እንቁላል ቅርፊት ይረግፋል። ኖራ አለው አሉን። ኖራ ከሆነማ ቤት እንለስንበታለን ብለን ስቀን ተውነው።

አማቴ የመጡት በዚያ ዘመን ነው። ቤታቸው ደጋው ላይ ነው፣ ከጉባላፍቶ ወገን። የባለቤቴ አባት ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ጉልበታቸው ደክሟል፣ ዓይናቸውም ፈዟል፤ ማታ እሳት የሚያቀጣጥልላቸው እንኳ የለም። ባለቤቴ ከጥምቀት በኋላ ሄዶ በስንት ልመና አመጣቸው።

«ፋሲካን አብሬያችሁ ውዬ እመለሳለሁ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

እኛ ደግሞ እንዲቀሩልን ነው የምንፈልገው። እዚያ ብቻቸውን ቢወድቁ ማን ያነሳቸዋል? ባለቤቴ ይህን እያሰበ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። እኔም እናቴን በልጅነቴ ያጣሁ ነኝ፤ እሳቸው ቤት ውስጥ ሲያጉረመርሙ መስማት ደስ ይለኛል።

የቧንቧውን ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው። አንድ ጊዜ ተጎነጩና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

«ልጄ፣ ይህ ውሃ ድንጋይ በልቶ ነው እንዴ የመጣው?»

«እማማ፣ ንጹሕ እኮ ነው።»

«ንጹሕነቱንማ አየሁት። ግን ወደ ታች አልወርድ አለኝ።»

ከዚያ የደጃቸውን ምንጭ ያነሳሉ። ስለዚያ ምንጭ ስንት ሰምቻለሁ መሰላችሁ! እንደ ሞተ ዘመድ ነው የሚያነሱት።

ሁዳዴ ገባ። አማቴ ጥርስ የላቸውም፤ በጾም የሚወዱት ደግሞ ንፍሮ ነው፣ በደንብ የበሰለ፣ በድዳቸው የሚያላምጡት። ባቄላ ዘፍዝፌ አሳድራለሁ፣ ጠዋት እጥደዋለሁ፣ እንጨቱን አላሳሳም። ባቄላው ያብጣል፣ ቆዳው ይሸበሸባል፤ ውስጡ ግን እንደ ጠጠር ነው። ውሃ እጨምራለሁ። ድስቱ ዳር ዳሩን ነጭ ሆኖ ይቀራል እንጂ ባቄላው ንቅንቅ አይልም። እኔና ልጆቹ እየቆረጠምን እንበላዋለን። እሳቸው ግን አንዷን ፍሬ ከዚህ ጉንጭ ወደዚያ ጉንጭ ሲያዞሯት ይቆዩና፣ እኔ ዞር ስል ቀስ ብለው ሳህኑ ዳር ያስቀምጧታል። ሳህኑን ሳነሳ ተደርድረው አገኛቸዋለሁ።

«ጥርስ ላለው ጥሩ ነው» ይሉኛል፣ እንዳይከፋኝ።

እየከሱ መጡ። ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ሰፋ። ፋሲካም እየቀረበ ነው። አንድ ቀን ከረጢታቸውን አውርደው ነጠላቸውን ሲያጣጥፉ አየሁ።

ሁሉንም በባቄላው ላይ አሳበብኩ። በቧንቧዬ ላይማ እንዴት አድርጌ? ባቄላውን የገዛሁት ግራና ከተማ ገበያ ነው። ያልበሰለውን ቋጠርኩና ሄድኩ። ሻጯ ጃንጥላ ሥር ተዘርፍጣ የተቀመጠች፣ ድምጿ ጎላ ያለ ሴት ናት። ቋጠሮዬን ፈትቼ ፊቷ ዘረጋሁት።

«ባቄላ ነው የሸጥሽልኝ ወይስ ጠጠር?»

«ኧረ ቀስ! ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከመርሳ።»

«መርሳ የት?»

«አዲሱ ሰፈር።»

እጇን አጨብጭባ ከጎኗ ወዳለችው ዞረች። «ይኸውልሽ፣ ሌላዋ ደግሞ መጣች!»

«የምን ሌላ?»

«ቧንቧ የገባላችሁ ሁሉ ተራ በተራ እየመጣችሁ ትሰድቡኛላችሁ። እኔ ከዚሁ ጆንያ ዘግኜ በምንጭ ውሃ እቀቅላለሁ፣ እንደ ገንፎ ይሆንልኛል። በሚቀጥለው ባቄላውን ተይና ውሃሽን ይዘሽ ነይ፤ እሱን አብረን እንጣላዋለን።»

ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን ተቆጥቼ ነው የመጣሁት፣ እንዴት ልሳቅ? ቋጠሮዬን ይዤ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ማንቆርቆሪያዬ፣ ሳሙናው፣ የተገተረው ነጠላ አንድ በአንድ መጡብኝ። ያ ሁሉ ኖራ ባቄላውን ምን ያደርገዋል ብዬ እስከዚያ ቀን አስቤ አላውቅም።

ቤት ስደርስ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ጎረቤቴ እስላም ናት፤ ግቢያችንን የሚለየው የቁልቋል አጥር ነው፣ የምንነጋገረውም በእሱ ላይ ነው። ከቆርቆሮዋ ጫፍ አሸንዳ አስገብታ፣ ከሥሩ በርሜል አስቀምጣለች፤ ቧንቧው በሄደ ቀን ለሶላት ውዱእ እንዳትቸገር። የዚያን ሰሞን የበልጉ ዝናብ ወርዶ በርሜሏ ሞልቶ ነበር።

«ጀሪካን አቀብይኝ» አለችኝ።

«ለውዱእ ያጠራቀምሽውን?»

«ወላሂ፣ ውዱእ በቧንቧም ይሆናል። ባቄላሽ ነው እምቢ ያለ።»

ማግስቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። የባቄላውን ክክና ስንዴውን ለጉልባን በዝናቡ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ጠዋት በዚያው ውሃ ጣድኩት፤ ምንም አልጠበቅሁም ብል ይሻላል። አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ ስግደቱን ባይችሉም ከመቅደሱ አጥር ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። እሳቱን ረስቼ ቤት ስጠርግ ቆየሁና ክዳኑን ብከፍተው፣ ባቄላው ፈርሷል። አንዷን ፍሬ በጣቶቼ መካከል ያዝ ባደርጋት ጠፋችብኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ወደ አጥሩ ሮጬ ለጎረቤቴ ጮኼ ነገርኳት፤ «በስሎ ነው ወይስ ተቃጥሎ?» አለችኝ፣ ጩኸቴ አስደንግጧት።

አማቴ ሲመለሱ በሳህን አቀረብኩላቸው። አማትበው አንድ ጉርሻ አነሱ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ እኔ አያለሁ፤ ባለቤቴም ቆሞ ቀረ። ዋጡ። ሌላ ጎረሱ። ሳህኑ ዳር የተቀመጠ ፍሬ አልነበረም።

«ይህን በየትኛው ውሃ ሠራሽው?»

«በሰማይ ውሃ፣ እማማ። የጎረቤታችን ነው።»

ጨረሱና ትንሽ አስጨመሩ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡና ግቢው መሃል ቆመው ወደ ቤታችን ክዳን አንጋጠጡ።

«አንተ» አሉ ልጃቸውን፣ «ይህ ሁሉ ቆርቆሮ ለጌጥ ነው የተሠራው?»

«ምን ላድርግ፣ እማዬ?»

«ሴትዮዋ ያደረገችውን አድርግ።»

ፋሲካ አልፎ ባለቤቴ አሸንዳውን ሰቀለ፣ በርሜልም ፈልጎ አመጣ። ስለ መሄድ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አላነሱም። ከረጢታቸው ግን ባዶ አልሆነም፤ ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ቆየ።

የሰማይ ውሃ ለእሳቸው ብርጭቆና ለእሳቸው ድስት ብቻ ሆነ። እኛ የቧንቧውን ጠጣን፣ ታጠብንበት፣ ቅርፊቱን ከማንቆርቆሪያው እየፈነቀልን ኖርን፤ ክፉ ውሃ አይደለም፣ እስከዛሬም እጠጣዋለሁ። አማቴ ግን ጠዋት ከቤት ሲወጡ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ በርሜሉ ነው። ዓይናቸው በደንብ ስለማያሳያቸው በምርኩዛቸው ከላይ ወደ ታች መታ መታ ያደርጉታል። ባዶው ይጮኻል፣ ውሃ ያለበት ዝም ይላል። በጋው ሲገፋ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ከቤት ውስጥ እጄን አቁሜ አዳምጣለሁ፤ የሚመቱት ቶሎ ዝም ካለ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ሲጮኽ ከቆየ ደግሞ ጀሪካኔን ይዤ ወደ አጥሩ እሄዳለሁ። ጎረቤቴም ሰምታ ኖሮ የራሷን ሞልታ ቁልቋሉ ሥር አስቀምጣው አገኛታለሁ።