ወንድሜ የወሰዳት ፈዋሽ

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ታላቅ ወንድሜ ከአባታችን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጎን ኢንተርኔት ቤት ከፈተ። ጎንደር፣ ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ስድስት ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ አንደኛው ብዙ ጊዜ አይሠራም። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ከአባቴ ጋር ሱቅ እውል ነበር። ጨርቅ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ጣቃ አወርዳለሁ፣ መልሼ እጠቀልላለሁ። ከጭልጋና ከጠዳ የሚመጡ ገበሬዎች ለሚስቶቻቸው ሲገዙ «ሸጋውን አውጪልኝ» ይሉኛል፤ መደርደሪያውን በሙሉ ካስወረዱኝ በኋላ መጀመሪያ ያዩትን ይዘው ይሄዳሉ። ቤት ስገባ ደግሞ ወጥ ቤቱ ይጠብቀኛል። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ቆሞ የሚሠራው ሁሉ የኔ ነበር።

ዓርብ ግን ይለያል። ለጁምዓ ሶላት አባቴ ሱቁን ይዘጋል፤ ወንድሜም አብሮት ይሄዳል። ኢንተርኔት ቤቱን ግን መዝጋት አይፈልግም፤ በምሳ ሰዓት ተማሪዎች ይመጣሉ። ስለዚህ እነሱ ሰግደው፣ ምሳቸውን በልተው እስኪመለሱ እኔ እንድቀመጥለት ጠየቀኝ። በሳምንት ውስጥ ማንም ስሜን የማይጠራበት ጊዜ ያ ብቻ ነበር።

በዚያ ጊዜ የምጫወተውን ጌም የመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ የጫነው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከየአገሩ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ የሚጫወትበት ዓይነት ነው። ጫካ አለው፣ ከተማ አለው፣ ገበያ አለው፣ በየዋሻው ጭራቅ አለ። ሰው የፈለገውን ሆኖ ይገባል። እኔ ፈዋሽ ሆንኩ። ሌሎቹ ከጭራቁ ጋር ሲዋጉ ፈዋሽ ከኋላ ቆማ ቁስላቸውን ታድናለች። የመረጥኩት ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ኔትወርኩ ስለሚንቀራፈፍ ከፊት ቆሜ ብዋጋ ገና እጄን ሳላነሣ እሞት ነበር።

ያችም ጊዜ ብትሆን ሙሉ አልነበረችም። አንዱ «ፕሪንት አድርጊልኝ» ይላል፣ ሌላው ኢሜይሉ አልከፈት ይለዋል፣ መብራት ይጠፋል። መብራት ከጠፋ እስከሚቀጥለው ዓርብ አበቃ ማለት ነው። ሌሎች በአንድ ሳምንት የሚደርሱበትን ደረጃ እኔ ስምንት ወር ፈጀብኝ። አልቸኮልኩም። የምቸኩልበትም ጊዜ አልነበረኝም።

ብቻዬን ስዞር አንዲት ፊሊፒናዊት አገኘችኝ። ነርስ ናት፤ ከሥራ ወጥታ እራት እስኪደርስ ትጫወታለች። የምትመራው ቡድን ነበራት። አባሎቹ ሁሉ ሥራ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ የከባድ መኪና ሹፌር፣ አስተማሪ፣ የሦስት ልጆች እናት። እዚያ ማንም ሰው ለምን ጠፋህ ተብሎ አይጠየቅም። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ዓርብ ብቻ መምጣት እንደምችል ነገርኳት። «እንግዲያው ዓርብ እንጠብቃለን» ብላ ጻፈችልኝ። በእውነትም ጠበቁኝ። ከባዱን ዋሻ ለዓርብ ያቆዩት ነበር፤ እኔ ስገባ ይነሣሉ።

ሴት መሆኔን ለረጅም ጊዜ አልተናገርኩም፤ እዚያ ሴት ነኝ ያለ ሰው የሚደርስበትን አይቻለሁ። ከዓመት በኋላ ግን ለእሷ ነገርኳት። ከአባቴ ጋር ጨርቅ እንደምሸጥም ነገርኳት። ስለ ጨርቁ ጠየቀችኝ፤ ለሠርግ የሚገዛውን፣ ለሐዘን የሚገዛውን፣ ሴቶቹ በጣታቸው እያሹ እንዴት ጥራቱን እንደሚያውቁ ጻፍኩላት። አንድ ዓርብ ስገባ ዋሻው ቀርቷል አለችኝ። የምታስታምመው ሕፃን በዚያን ቀን ጠዋት ሞቶባት ነበር። በጌሙ ውስጥ ወንዝ አለ፤ ዳሩ ላይ ሁለታችንም ተቀመጥን። ብዙም አልተጻጻፍንም። ወንድሜ ሲመጣ ተነሥቼ ወጣሁ። ከትምህርት ቤት ወዲህ ከነበሩኝ ጓደኞች ሁሉ የምትበልጥብኝ እሷ ነበረች፤ መልኳን ግን አይቼ አላውቅም።

እንዲህ ሦስት ዓመት ሄደ።

አንድ ዓርብ ወንድሜ ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። ሲገባ አላየሁትም፤ ስድስት ሆነን ከአንድ ትልቅ ጭራቅ ጋር ነበርን፣ ዓይኔን ማንሣት አልችልም። ጭራቁ ወድቆ ስጨርስ ከኋላዬ ቆሞ አገኘሁት። የሚቆጣኝ መስሎኝ ተነሣሁ።

«ተቀመጪ» አለኝ። «ይቺ ያንቺ ናት?»

«አዎ።»

«ይኼን ሁሉ ደረጃ አንቺ ነሽ ያወጣሽው?»

«እኔ ነኝ፣ ወንድም ጋሼ። በዓርብ በዓርብ።»

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ይኼ ምንድን ነው፣ ያኛው ለምን ይጠቅማል፣ ዕቃው ከየት መጣ። ወንድሜ በሕይወቱ እኔን ጠይቆኝ መልሴን እስከ መጨረሻው ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር። «እታለም፣ ጎበዝ ነሽ» አለኝ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ ስላለኝ ፓስወርዱን ራሴ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። አልለመነኝም። «ስትፈልግ ግባና እያት» አልኩት።

ያን ዓመት ረመዳን ክረምት ላይ ዋለ። ተማሪው ዕረፍት ላይ ነው፣ ዝናቡ አያቋርጥም፤ ዓርብ ዓርብ ወንድሜ ኢንተርኔት ቤቱን ቆልፎ መስገድ ጀመረ። እኔ ከቀትር በኋላ ወጥ ቤት ነኝ፤ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ለጎረቤት የሚላከው ሁሉ ለማፍጠሪያ መድረስ አለበት። ለነርሷ ለአንድ ወር እንደምጠፋ አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። ቦታሽ የትም አይሄድም ብላኛለች።

ዒድ አልፎ በመጀመሪያው ዓርብ ከፍቼ ስገባ ፈዋሿን አላወቅኋት። ልብሷ ተቀይሯል፣ በትሯ ተቀይሯል። ደረጃዋ እኔ በአምስት ዓመትም የማልደርስበት ላይ ደርሷል። ከጭንቅላቷ በላይ ይታይ የነበረው የቡድኔ ስም ግን የለም። የመልእክት ሳጥኑን ከፈትኩ። ነርሷ የጻፈቻቸው አምስት መልእክቶች ነበሩ፤ በቀናቸው ቅደም ተከተል አነበብኳቸው።

በመጀመሪያው ቶሎ በመመለሴ ደስ ብሏታል። በሁለተኛው በየቀኑ ስለምገባ ደህና መሆኔን ትጠይቃለች። በሦስተኛው ከቡድኑ የጋራ ዕቃ ቤት ብዙ ነገር ስለወሰድኩ ስህተት ከሆነ እንድመልስ ትለምነኛለች። በአራተኛው የጻፍኩላት ስድብ ለማንም የሚጻፍ እንዳልሆነ፣ ዕቃውንም ይዤ ወደ ሌላ ቡድን መግባቴን እንዳየች ትናገራለች። አምስተኛው አጭር ነበር። ከመጀመሪያውም ሴት እንዳልነበርኩ አሁን ገባት፤ ጨርቁም አባትየውም ውሸት ነበር፤ ስለ ሕፃኑ ለእኔ በመንገሯ ታፍራለች።

አንድ ተማሪ ሰዓቱ አልቆ ሊወጣ «እህት፣ እህት» ይለኛል፤ እኔ አምስተኛውን እንደገና አነብባለሁ።

ወዲያው ጻፍኩላት። ወንድሜ ነበር፣ ፓስወርዱን እኔ ሰጥቼው ነው፣ እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ ብዬ። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል መለሰችልኝ። በዚህ ጌም ውስጥ የሰረቀ ሁሉ ወንድሜ ነው እንደሚል፣ እሷም ይህን ምክንያት ከብዙ ሰው እንደሰማች ጻፈች። ከዚያ በኋላ መልእክቴ እንዳይደርሳት ዘጋችው። ምን ማድረግ እችል ነበር? እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምንም።

ወንድሜ ጥርሱን እየፋቀ ገባ።

«አየሻት?» አለኝ። «አንቺ በሦስት ዓመት ያላደረግሽውን በአንድ ወር አደረግሁልሽ።»

«ሰዎቹን ምን አልካቸው?»

«የትኞቹን?»

«ቡድኑን። ነርሷን።»

«እነዚያ ደካሞች ናቸው። በሳምንት አንዴ እየመጡ የት ይደረሳል? ጠንካራ ቡድን ገባሁልሽ።»

«ሰደብካት።»

«ዕቃ መልሽ እያለች ነዘነዘችኝ። ጌም እኮ ነው፣ እታለም። ምነው እንዲህ ሆንሽ?»

«እኔ አሁን ለእሷ ማን ሆንኩ? የሰደብኳት እኔ መስሏታል።»

ነገሬ አልገባውም። የምለው ነገር ለእኔም ተምታቶብኝ ነበር። «በሌላ ስም ገብተህ ጻፍና ወንድሟ ነኝ በላት» አልኩት። እሺ አለ። በማግሥቱ ጠየቅሁት፤ እሺ አለ። በሳምንቱ ስጠይቀው ሰው ፊት ሳቀብኝ። ፓስወርዱንም ቀየረው፤ ፈዋሿን አልመለሰልኝም። «አሁን ብትነኪያት ታበላሻታለሽ፤ ሌላ ክፈቺ» አለኝ።

ወንድሜን ማናገር ተውኩ። ቤት ውስጥ የተረዳኝ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ከአዘዞ ለጋብቻ ሰው ተልኮ ስለነበር በእሱ የተከፋሁ መሰላቸው። አባቴ አንድ ቀን ጣቃ እየጠቀለልን እያለ «ልጄ፣ ካልፈለግሽው አልፈልግም በይ፤ ማንም አያስገድድሽም» አለኝ። አሳዘነኝ። እናቴ ነገሩ የጌም መሆኑን ስትሰማ ደነገጠች። «ለጨዋታ ብለሽ ከታላቅ ወንድምሽ ትኳረፊያለሽ? ሰው ቢሰማስ?» አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት እሷ ባለችበት ይቅር አስባለችን። ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ምን እንዳጠፋ ማንም አልጠየቀውም።

ሌላ ከፈትኩ። ከዜሮ ጀምሬ ጥቂት ዓርቦች ተጫወትኩ። አንድ ቀን በወንዙ ድልድይ ላይ የድሮ ቡድኔ ሲያልፍ አየሁ፤ ሹፌሩ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ሌላ ፈዋሽ ይዘዋል። ሰላም ብዬ ጻፍኩ። እሷ ብቻ ቆም ብላ «ሰላም፣ ጀማሪ» ብላ መለሰችልኝና ሄደች። ማንነቴን ልነግራት ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ነበሩ። ከነገርኳት ይቺንም በር ትዘጋብኛለች። ካልነገርኳት ደግሞ እየዋሸኋት ነው። ኮምፒውተሩን አጠፋሁትና መጥረጊያ አንሥቼ ቤቱን ጠረግሁ። ከዚያ በኋላ አልገባሁም። ዓርብ ዓርብ የደንበኞቹን ሰዓት እየጠበቅሁ በር በሩን ሳይ እውል ነበር።

ወንድሜንም በክረምቱ ማግሥት ጌሙ ሰለቸው። በየሰዉ እጅ ስልክ ሲበዛ ኢንተርኔት ቤቱን ዘግቶ የስልክ መለዋወጫ መሸጫ አደረገው። እኔም ያንኑ የአዘዞውን ሰው አገባሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዒድ ቀን ሁላችንም አባቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ባለቤቴና ወንድሜ ስለ ልጆችና ስለ ስልክ ጌም ያወራሉ። ወንድሜ ሳቅ ብሎ «እኔ እኮ ድሮ የታወቅሁ ፈዋሽ ነበርኩ፤ ከዜሮ ተነሥቼ እስከ ጫፍ ነው ያወጣኋት» አለ።

ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። «እስከ ግማሽ ያወጣኋት እኔ ነኝ» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺም ትነካኪ ነበር እንዴ?» አለኝ። ፊቱን አጥብቄ አየሁት። ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር። ወንድሜ አልዋሸም፤ ረስቶታል።

ወደ አዘዞ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ባለቤቴ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ዓርቡን፣ ወንዙን፣ አምስቱን መልእክቶች። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። «በሳምንት አንዴ ለምትገቢበት ነገር ይኼን ያህል ዓመት?» አለ በመጨረሻ። በክፋት አልነበረም።

«ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ያፌዝኩባት ወንድ እንደሆንኩ ነው የምታስበው» አልኩት።

የነዳጁን ጌጅ አየ። ከዚያ ነዳጅ እንደሚያስፈልገን ተናገረና ወደ ማደያው ታጠፈ።