ማርያም የሳመቻት ጉንጭ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንቴ ልናዘዝ ሄጄ ጾም ስለ መሻሬ ብቻ አውርቼ ተመልሻለሁ! ለእናንተ የደፈርኩት ስለማታውቁኝ ይሆናል።

እህቴ አልማዝ ስትወለድ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ወር ሳይሞላት ጉንጯ ላይ ቀይ እብጠት ወጣ፤ እያደር እንጆሪ አከለ። የጉለሌ ጎረቤቶቻችን ሁሉ «ማርያም ስማታለች» እያሉ ይሳለሟት ጀመር። አባቴ ወደ ሰሜን ሲዘምት ያንን ጉንጭ ደጋግሞ ስሞ፣ እኔን አናቴን ዳበስ አድርጎኝ ሄደ። በዚያው ቀረ። ቀናሁ። በሕፃን ቀናሁ! ማርያም እኔን ለምን ዘለለችኝ?

እብጠቱ ሲያድግ እናቴ ፈርታ ሆስፒታል ሄድን። አልማዝ ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ የምታስተረጉምለት ነርስ ተጠርታ ስትወጣ እኔ የተማሪ እንግሊዝኛዬን ይዤ ቀረሁ። ቀስ ብሎ አስረዳኝ፤ የደም ሥሮች ተሰብስበው ነው፣ ክፉ በሽታ አይደለም፣ አጥንቷም ደህና ነው፣ ትንሽ አድጎ በራሱ ይከስማል፣ አትንኩት። በእንግሊዝኛዬ እንዳላመካኝ፣ ሁሉም በደንብ ገብቶኛል።

እናቴ፣ «ምን አለሽ የኔ ልጅ? ንገሪኝ እንጂ!» አለች።

«መድኃኒት የለውም አለ» አልኳት።

ለምን? ይከስማል መባሉ አንጀቴን ስላቃጠለው ነው። መሳሙም ለእሷ፣ መልኩም ለእሷ?

ብዙም ሳይቆይ እናቴ አዲሱ ገበያ አካባቢ በጋለ ብረት የሚተኩሱ ሴትዮ አገኘች። የልጅቷን እግር የያዝኩት እኔ ነኝ። ያኔም «ተዉ፣ ዋሽቻለሁ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ደሟ አልቆም ብሎ ልትሞትብን ነበር። ተረፈች፤ ጉንጯ ግን ተኮማትሮ ከንፈሯን ወደ ላይ ጎትቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚሳለማት አልነበረም።

እናቴ «ልጄን ያበላሸሁ እኔ ነኝ» ብላ ንስሐ ገባች። በእኔ ኃጢአት ስትሰግድ ጉልበቷ ቆሰለ። ቁስሉን ቅባት የቀባሁላት እኔ ነኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ወግቼ አልረሳሁም፤ የተወጋችው ግን ማን እንደወጋት አታውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴ ልታርፍ ስትል አልማዝ እጇን ይዛ፣ «እማዬ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። አውቀሽ አይደለም» አለቻት። እናቴ አለቀሰች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ «አሜን» አልኩ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ ልበላችሁ? አሜን ስል ልጅ አልነበርኩም።