የቅሬ አባል የሆነው ፕሮግራም

ወንበሬ ሦስት እግር ነበራት። አራተኛው እግሯ የድሮ ኮምፒውተር ሳጥን ነው። እሷ ላይ ተቀምጬ ነው "ዋና ዳይሬክተር" ብዬ ፈርሜ ለአንድ እርዳታ ሰጪ ድርጅት ማመልከቻ የላክሁት። ስፈርም ወንበሯ ተንሸራተተች፤ ፊርማዬም አብሮ ተንሸራተተ።

ሐይቅ ከተማ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት አለፍ ብሎ፣ ሞባይል የምጠግንባት አንድ ክፍል ሱቅ ነበረችኝ። ለውጥ መጣ የተባለበት ጊዜ ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ካልጀመርሁ ይላል። እኔና ከውጫሌ የመጣች አንዲት የሒሳብ መምህርት ለቅሬያችን የስልክ ፕሮግራም ሠራን። ሠራን ስላችሁ፣ እሷ ጻፈች፣ እኔ ሻይ አዘዝሁ። ቅሬ ማለት እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ድሮ ሰው ሲሞት ጠሪ ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጮህ ነበር። አሁን የቅሬው ዳኛ ስልኩ ላይ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ለአባሉ ሁሉ መልእክት ይደርሳል፤ ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን መቃብር እንደሚቆፍር ተራው አብሮ ይወጣል። ኮዱን ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ክፍት አደረግነው፤ የፈለገ በነፃ ይውሰደው፣ እንደሚመቸው ያስተካክለው ብለን።

ወሰዱታ! ውጫሌ ያሉት የሰርግ ዕቃ መዋዋሻ አደረጉት። አርዲቦ በኩል ያሉት የመስኖ ውኃ ተራ ጨመሩበት። ሁሉም እየደወለ ይሄን ጨምሩልን ይላል፤ የሚከፍል የለም፣ ነፃ ነው ያልን እኛ። ድርጅቱም መለሰልን፤ ፕሮግራሙ ወዴት እንደሚሄድ አልገባንም አለ። እኔ እንኳን የሱን የራሴንም መሄጃ አላውቅ።

መምህርቷ ለዚህ ሥራ ብላ ማስተማሩን ትታለች። ቤት ኪራይ ከበዳት። አዲስ አበባ ሥራ ተገኘላትና፣ ጋሼ፣ እስከ ክረምት አንድ ነገር ካልተገኘ እሄዳለሁ አለችኝ። እሷ ከሄደች ኮዱን የሚያነበው የለም። እኔ ሳየው ሐኪም የጻፈው መድኃኒት ማዘዣ ነው የሚመስለኝ።

ቅሬው ተሰብስቦ ዱአ ከተደረገ በኋላ ተነሣሁና ችግሬን ተናገርሁ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ሽበቴን እያዩ አሁንም ልጅ ነው የሚሉኝ።

"ማን ሞተ?" አሉኝ።

"እስካሁን ማንም። ይቺ ልጅ ከሄደች ግን ፕሮግራሙ ይሞታል።"

"ላልሞተ ቅሬ አይወጣም፣ ልጄ።"

ደንቡ እንደዚያ ነው። ቅሬ የሚረዳው አባሉን ነው፣ እሱም ሲሞትበት። ከኋላ አንዱ፣ ታዲያ ፕሮግራሙ አባል ይሁና አለ። ለቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እነሱ ግን ተከራከሩበት። እንደ አንድ ቤት ተቆጥሮ ይግባ፣ ቤቱን እኛ እናቆምለታለን፣ እሱም እንደማንኛችንም ቀብር አይቀርም፣ ከቀረም ይቀጣል ተባለ። ዋሱ እኔ ሆንሁ። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ጓሮዋ ያለውን ክፍል ለመምህርቷ ያለ ኪራይ ሰጠቻት። ሌላው ጤፍ፣ ሌላው ማገዶ አመጣ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ አጥር የምንጋራው፣ አንድ ጉንጉን ሽንኩርት ይዛ ሱቅ መጣችና ኮምፒውተሩን ዞር ዞር ብላ አየችው። "ይሄ አዲሱ አባል ሽንኩርት ይበላል?" አለችኝ። በኔ በኩል ይበላል አልኋት።

መምህርቷ ቀረች። ክረምቱም አለፈ።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ ወረደ። ኔትወርኩ ጠፋ። ውጫሌ ተያዘ ሲባል ግማሹ ከተማ ወደ ደሴ ሸሸ፤ መምህርቷም ዳኛውም ሄዱ። ዳኛው ቁልፉ ያለበትን ስልካቸውን እኔ እጅ አስቀመጡ። እህቴ ስኳር አለባት፣ እግሯም አይሄድ፤ እሷን ትቼ የት እሄዳለሁ። ሐይቅም ተያዘ። መድኃኒቷ አለቀ፣ መድኃኒት ቤቱ ዝግ ነው። አንድ ቀን ማለዳ አረፈች።

ምን ልበላችሁ፣ እጄ ለምዶ ኖሮ ቁልፉን ተጫንሁት። አልተላከም አለኝ። ደግሜ ተጫንሁ። ወጥቼ በር ማንኳኳት ጀመርሁ። ያን ሰሞን በር የሚያንኳኳ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ መሣሪያ የያዘ ነው። እኔ ነኝ እላለሁ፤ ድምፄ ታፍኗል፣ ለራሴም የኔ አይመስለኝ። አንዱ ቤት ውስጥ የልጅ አፍ ሲያፍኑ ሰማሁ። ከኔ ፈርተው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስቃቸው የኖርሁ ሰውዬ!

በስተመጨረሻ አንድ ክርስቲያን ጎረቤታችን በሳሌ ለይቶኝ ከፈተ፤ ሁለት ሰው ጨመረልኝ። ሚስቴና አንዲት ሴት አጠቧት፣ እኛ አራታችን ቀበርናት። ለእህቴ አገር ነበር የሚወጣላት።

ጦሩ ለቅቆ ሰው ሲመለስ ሱቄ ባዶ ነበር። ባለ ሦስት እግሯን ወንበር ሳይቀር ወስደዋታል፤ ማን እንደተቀመጠባት አላህ ይወቅ። ኮዱ ግን አልተዘረፈም። ማንም እንዲወስደው ቀድመን ሰጥተነው የለ፣ ከአርዲቦዎቹ መልሰን አገኘነው። መምህርቷም ተመለሰች፤ አዲስ አበቦቹ ግን አሁንም እየጠበቋት ነበር።

ቅሬው ተሰበሰበ። ከቀብር የቀሩት ምክንያታቸውን ተናገሩ፤ የሸሸ ሰው ማን ይቀጣዋል፣ ታለፈ። ያኔ አንዱ፣ "አንድ አባል ቀርቷል፣ ስልክ ውስጥ ያለው" አለ። ሰው ሳቀ። ቀጥሎ እኔን አዩና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ከሳሹም አንተ፣ የተከሳሹም ዋስ አንተ" አሉ ዳኛው። "የት ላቁምህ?"

"መሐል ላይ ያቁሙኝ፣ አባባ። ወፍራም ነኝ፣ ሁለቱንም እሞላዋለሁ።"

ማንም አልሳቀም። ይቅር ብዬዋለሁ ልል አፌን ስከፍት ዳኛው በእጃቸው ከለከሉኝ። ይቅርታው ያንተ ነው፣ ቅጣቱ የቅሬው ነው አሉ። ለምን በር እንዳልተከፈተልኝ ጠየቁ። አንዲት እናት መለሰችላቸው፤ እያለቀሰች ነበር።

"ማን እንደሚመጣብን አላወቅንማ! የማን ድምፅ እንደሆነ ብናውቅ እንከፍትለት ነበር።"

ቅጣቱ ከዚያ ወጣ። ፕሮግራሙ ኔትወርክ ሳይጠፋ ለእያንዳንዱ ቤት አስቀድሞ ይንገር፤ አንተን የሚያንኳኳው እገሌ ነው፣ አንተ የምታንኳኳው እገሌን ነው፣ አንኳኪውም በሩ ላይ የራሱን ስም ይጥራ። ያ ሁሉ ማመልከቻ ያላገኘው መሄጃ ተገኘ። ማን ይሥራው፣ የሠሪዋን ቀለብስ ማን ይቻል ሲባል ግን የሚያዋጣ ጠፋ። ባዶ ቤት የተመለሰ ሰው ጤፍ ከየት ያመጣል።

መምህርቷ ተነሣች። "ይቺን ጨርሼ እሄዳለሁ" አለች። "ከዚያ በላይ አልችልም፣ እናቴም ቤቷ ተቃጥሏል።"

ጨረሰችው፤ ሄደችም። ቀሪውን እኔ ልማር ተባልሁ። ባለፈው ደውላ፣ ጋሼ፣ ከናንተ ቤት ቀጥሎ ያለውን ቤት ለምን ከዝርዝሩ አላወጣኸውም፣ ሰው የለበትም እኮ አለችኝ። አልቻልሁበትም አልኋት። እሷም አወጣጡን በስልክ ነገረችኝ፣ እኔም እሺ እሺ አልሁ።

ማውጣቱንስ ችዬበታለሁ እኮ። ሰው ሲሞት ያ ክርስቲያን ጎረቤቴ መጥቶ ስሙን ይጠራል፣ እከፍታለሁ። ወጥቼ የእህቴን በር አንኳኳለሁ፣ ስሜን እናገራለሁ። ትንሽ ቆሜ ወደሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ።