ዝቅ ብለው የተሰቀሉ ፎቶዎች

ቅዳሜና እሁድ ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ ጋለሪ በጥበቃነት እሠራ ነበር። ጥበቃ ሲባል ጠመንጃ የያዝኩ እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ ጥቁር ሹራብ ለብሶ መቆምና ሰው የተሰቀለውን ሊነካ ሲል «እባክዎ አይንኩ» ማለት ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያመጡት ነገር ያበሳጨኝ ነበር። አንዴ ባዶ ባልዲ ሁለት ወር ሙሉ ጠብቄያለሁ።

ጃፓናዊቷ ፎቶ አንሺ የመጣችበት ክረምትም በብስጭት ነው የተጀመረው። ወደ ስልሳ የተጠጋች፣ ስትናገር ጆሮ የምታስቀስር ሴት ናት። ፎቶዎቿን በሙሉ ራሷ ናት ያጠበቻቸው፤ ሁሉም ጥቁርና ነጭ፣ ሁሉም የአንድ ነገር ናቸው፦ የአባቷ ጥፍር ሲቆረጥ። ለዓመታት በየሳምንቱ አንድ ፎቶ አንስታለች፤ ከአንድ በላይ አታነሳም። በመክፈቻው ቀን የጋለሪው ኃላፊ ለምን አንድ ብቻ እንደሆነ ቢጠይቃት በአስተርጓሚ «ጥፍር በሳምንት ስንቴ ይቆረጣል?» አለችው። እዚህ ላይ ወደድኳት።

ያናደደኝ አሰቃቀሏ ነው። ፎቶ በዓይን ልክ ነው የሚሰቀለው። እሷ ግን ሜትሩን ከእጄ ተቀበለችና ከወገቤ በታች ምልክት አደረገች። አባቷ ወለል ላይ ተቀምጦ ስለነበር የሚያየውም ሰው ዝቅ ይበል ነው ነገሩ። ኃላፊው ለመናት፤ እሷ ፈገግ አለች፤ ምስማሩም እሷ ባለችበት ተመታ። የሚኒሶታ ሰው ይሉኝታ አያጣም። መጀመሪያ ቆሞ አንገቱን ይደፋል፣ ቀጥሎ ቁጢጥ ይላል፣ በመጨረሻ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ መሬት ላይ ዘርፈጥ ይላል።

ሳምንት ሳይሞላ እኔም ሰው በሌለበት ሰዓት ተቀመጥኩ። መጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ ሽማግሌው ጋዜጣ አንጥፎ ራሱ ይቆርጣል። መካከል ላይ እጁ እንደልቡ አልታዘዝ ይለዋል፤ የሴት ልጁ እጅ ለማገዝ ብቅ ይላል። ወደ መጨረሻው ሁሉንም የምትሠራው እሷ ናት። ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ አወራሁላት፤ በማግስቱም ደግሜ አወራሁላት። ሚስቴ ደሴ ያደገች የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ልጅ ሳለች በየአርቡ፣ ከጁምዓ በፊት፣ የአባቷን ጥፍር የምትቆርጠው እሷ ነበረች። «እስካሁን ሳትወስደኝ!» ብላ ተቆጣችኝ። ቅዳሜና እሁድ እሷም ሥራ ስለምትገባ ዛሬ ነገ እያልን ቆየን።

አንድ ሐሙስ በሳምንቱ ቀናት በምሠራበት ፕሊማውዝ ያለው ፋብሪካ ምሳ እየበላሁ ሳለ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ደወለልኝ። የሚኖረው ከከተማው ማዶ፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው፤ ያለ ጉዳይ አይደውልም።

«አባዬ ወደ አኼራ ሄደ» አለኝ። «ዛሬ ቀበሩት።»

ፋታ ሳይሰጠኝ ቀጠለ። «እሁድ ከሱብሒ በኋላ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። አክስታችን ከዴንቨር የምትገባው ቅዳሜ ማታ ነው፤ እሷ ሳትኖር አይሆንም። እስከዚያ ሆድህ ይፍጀው። የስልክ ካርዱን ደብቅ፤ እሷ አገር ቤት እንዳትደውል።»

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ባለ ሰው ላይም አይጣልም። ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። ሌላ ሰው ላይ ሲደረግ ሳይ ደግ ልማድ ይመስለኝ ነበር። እኔ ላይ ሲወድቅ ግን ሸክም ሆነብኝ። የዚያን ዕለት ማታ ራት አብሬያት በላሁ። ካርዱን ስትፈልግ አብሬያት ፈለግሁ፤ ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው። የሶፋውን ትራስ ሁሉ እያነሳሁ ፈለግሁ። እንዲህ ያለሁ ቀጣፊ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ሥራ ቦታዋ ያለ እኛ ከዋለች ከአገር ሰዎች አንዱ አፉ ያመልጠዋል ብለን ፈራን። ወንድሟ «እኔ ቢዚ አደርጋታለሁ» አለ። አርብ ደውሎላት «ነገ ኦፍ ጠይቂ፣ ፒክ አደርግሻለሁ፤ ደስ ያለሽ ቦታ እንሄዳለን» አላት። የመረጠችው ቦታ የእኔ ጋለሪ መሆኑን ለእኔ ሳይነግረኝ፣ እሱም ምን እንደተሰቀለ ሳይጠይቃት፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ ይዟት ከች አለ። ከሩቅ እጄን አወዛወዝኩ፣ መልሳት ማለቴ ነው። ሰላምታ መስሎት እሱም እጁን አወዛወዘ።

ሚስቴ እንደ ሌላው ሰው አንገቷን አልደፋችም፤ ገና እንደደረሰች መሬት ላይ ተቀመጠች። እየተንፏቀቀች ከአንዱ ፎቶ ወደ ቀጣዩ አለፈች። «ይሄ እንኳ ሳምንት ተዘሏል፤ ረዝሟል» ትላለች። «ኧረ ቀስ በይ፣ ሥጋውን እንዳትነኪው!» ትላለች ለማታውቃት ሴት። ከዚያ ወንድሟን በሱሪው ጎትታ «ና እየው፣ የአባዬን አውራ ጣት አይመስልም?» አለችው።

አጎንብሶ አየ። የት እንዳመጣት የገባው ያኔ ነው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። የሞተው የእሱም አባት ነው፤ እሷን ሲጠብቅ እሱም ሁለት ቀን አላለቀሰም። «መኪናዬን ያለቦታው ፓርክ አድርጌያታለሁ» ብሎ ወጣ። በመስታወቱ አየሁት። በረዶው ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ወጥቼ እንዳልይዘው ጥበቃ ነኝ፤ እሷን ይዤ እንዳልወጣ ለምን ብትለኝ የምመልሰው የለኝም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያን ቀን አቅም አጥቼ አላውቅም።

የመጨረሻው ፎቶ ላይ ደረሰች። ብርድ ልብስ ላይ የተጋደሙ ሁለት የሽማግሌ እጆች ናቸው፤ ጥፍሮቹ አንድ በአንድ ተስተካክለው ተቆርጠዋል። የልጁ እጅ የለም።

«ሞቷል አይደል?» አለችኝ ቀና ብላ።

«አዎ።»

ወደ ፎቶው ተመለሰች። «ታድላ» አለች። «ደረሰችለት።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ያኔ ጣቷን ወደ ፎቶው ዘረጋች፤ እኔም «አትንኪ» አልኳት። ከአፌ የወጣው እሱ ነው፤ የለመደው እሱን ነዋ።

«እሺ ጌታው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳትነሳ ቀጠለች። «ሰመር ላይ ትኬት እንቁረጥ። ወላሂ ዘንድሮ አልቀርም። እኔ እስክመጣ ጥፍሩን እንዳትቆርጡለት እላቸዋለሁ፤ ዛሬውኑ እደውላለሁ። ስትመጣ ካርድ ግዛልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

ማታ ሱቁ ተዘግቷል ብዬ ባዶ እጄን ገባሁ። እሁድ ሰማዩ ሳይገላለጥ በሩ ሲንኳኳ ቀድማኝ ሄዳ ከፈተች። አክስቷ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ከእነሱ በስተኋላ ሴቶቹ። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ስትወድቅ ልይዛት ከጀርባዋ ተጠግቼ ቆሜ ነበር። አልወደቀችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ትናንት ታውቅ ነበር?»

«ከሐሙስ ጀምሮ» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ወንድሟ ከሰዎቹ መካከል ብቅ ሲል አንገቱ ላይ ተጠምጥማ እሪ አለች፤ ሴቶቹም ከበቧት። እኔ ክንዶቼን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ሰው ገና እየገባ ስለነበር፣ በሩን ያዝኩ።