የሰኞውን በሐሙስ

ባለፈው ሳምንት ጉርድ ሾላ አንድ ሱቅ ገብቼ ሳሙና ሳማርጥ፣ አንዱን ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋው የድሮው የልብስ ሳሙና ሽታ መጣብኝ። ሻጯ ልጅ «እሱ እኮ ለገላ አይሆንም» አለችኝ። እኔ ግን ደግሜ አሸተትኩት። የጎረቤታችን የአጣቢዋ እጅ የሚሸተው እንደዚያ ነበር።

ይኸውልሽ፣ የካ ላይ፣ የባሕር ዛፉ ደን ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ፣ እኛና አጣቢዋ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለያይተን ነበር የምንኖረው። ከደቡብ የመጣች፣ ዕድሜዋ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ የሰፈሩን ልብስ እያጠበች የምትኖር ጴንጤ ነበረች። ሥራ ላይ ስትሆን ትዘምራለች፤ እናቴ ደግሞ መዝሙሩ በግድግዳው ሲያልፍ ታማትባለች። ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም።

እናቴ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ ስትወርድ አዳልጧት ዳሌዋ የተሰበረው ነሐሴ ላይ ነው። መስከረም ላይ ደግሞ እኔ ትምህርት ልጀምር ነበር። በአሥራ አራት ዓመቴ፣ አንደኛ ክፍል። የመዘገበኝ መምህር በመነጽሩ ላይ አሻግሮ እያየኝ «በዚህ ዕድሜሽ የተቀበልንሽ አዝነንልሽ ነው። ሦስት ቀን ከቀረሽ ቦታሽን ለሌላ ልጅ እንሰጣለን» ብሎኛል። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን ቀረሁ። አባቴ ሞቷል፤ አክስቴ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ ትውላለች፤ እናቴን የሚያገላብጣት ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አጣቢዋ በራችን ላይ ቆመች። እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ይገትርሻል? ሂጂ ተማሪ። እኔ እንደሆን እዚሁ ግቢ ነው የማጥበው፤ አያቸዋለሁ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ያሰብኩት «ምን ፈልጋ ነው?» ብዬ ነው። ቢሆንም ሄድኩ። ማታ አክስቴ ስትሰማ ጭኗን መታች። «አይ የኔ ሞኝ! ሰው ሲወድቅ ነው እኮ የሚይዙት። ዛሬ ውሃ ታቀብላታለች፣ ነገ ትሰብካታለች፣ ከነገ ወዲያ እናትሽ እጇን ዘርግታ ሃሌ ሉያ ስትል ታገኛታለሽ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላይ ሆንኩ። ስመለስ ፍራሹን ገልጬ የስብከት ወረቀት እፈልጋለሁ። ረቡዕ የሰጠቻትን ሾርባ ትራፊ አሸተትኩ፤ ቅቤ የለበትም። ጾማችንን ማክበሯ ይባስ አጠራጠረኝ። እናቴን «ምን አለችሽ?» እላታለሁ። «ምን ትለኛለች? ጀርባዬን አጠበችልኝ» ትላለች። ዛሬ በማተሚያ ቤት የሌላ ሰው ጽሑፍ እያረምኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ስሕተት መልቀም እንጀራዬ ሆኗል። የጀመርኩት ግን ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ከግቢው ሾልኬ ወጣሁ። ቢያዙኝ እንደ ቀረሁ ይቆጠርብኛል፤ እሱን እያወቅኩ ነው። ዳገቱን በሩጫ ወጥቼ መስኮታችን ሥር ተለጠፍኩ። የአጣቢዋ ድምፅ ይሰማል። በስንጥቁ አጮልቄ አየሁ፤ እያነበበች ነው፤ ቃሉን በጣቷ እየተከተለች፣ እየተደናቀፈች። በልቤ «ያዝኩሽ!» አልኩ።

ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ቆይ፣ ቆይ እስቲ። ይሄ የሰኞው ነው። ዛሬ ሐሙስ አይደል?»

«ውይ! እናንተ ደግሞ ጸሎታችሁም ተራ አለው?»

«አለው እንጂ! ገልበጥ ገልበጥ አድርጊው።»

እናቴ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

መጽሐፉ የአባቴ ነበር፤ ለሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቀን የየራሱ ክፍል ያለው የእመቤታችን ምስጋና። አባቴ ያነብ ነበር፣ እናቴ ታዳምጥ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ እናቴ ፊደል አታውቅም፣ እኔም ገና «ሀ»ን ከ«ሁ» መለየቴ ነው። አጣቢዋ በምትሄድበት ጸሎት ቤት ይህ ጸሎት እንደማይጸለይ ግን ሦስታችንም እናውቃለን።

በሩን በርግጄ ገባሁ። ደንግጣ መጽሐፉን አልጋው ላይ አኖረችው። መጀመሪያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ኖሯል የያዘችው፤ ቀሚሷ ላይ የጣቶቿ እርጥበት ይታያል።

«ጠየቁኛ» አለችኝ። «ማንበብ እየቻልኩ አልችልም ልበላቸው?»

 እየሮጥኩ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ፤ ማንም አላየኝም። ማታ ግን ለአክስቴ ነገርኳት። ከስጋቷ እንድታርፍ ብዬ ነው፤ ቢያንስ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። አክስቴም በሳቅ ፈረሰች። በማግስቱ ገበያው ሁሉ «ጴንጤዋ ለእመቤታችን ደገመችላት!» ይል ጀመር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወሬውን የሰሙ የጸሎት ቤቷ ሰዎች ወደ እሷ መጡ። ሦስት ናቸው፤ አይደለም፣ አራት፤ ጫማቸውን በራፏ ላይ ቆጥሬያለሁ። ጩኸት አልነበረም። በግድግዳው በኩል ረጅም፣ ዝቅ ያለ ንግግር ተሰማኝ፤ ከመካከሉ የእሷ ድምፅ አንዴ ብቻ። ሲወጡ አልሸኘቻቸውም።

ሰኞ ጠዋት ደብተሬን ብብቴ ሥር ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ «ሂጂ፣ እኔ ምንም አልሆን» ትለኛለች፤ እኔ ግን የአጣቢዋን በር አያለሁ። አትመጣም። በእኔ ምላስ የመጣባትን እያወቀች ለምን ትመጣለች? የሰልፉ ደወል ከታች ተሰማ።

መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«አሁንም አለሽ እንዴ? ሩጪ እንጂ፣ በሩን ሊዘጉብሽ ነው!»

ሮጥኩ። ይቅርታ ሳልላት ሮጥኩ።

በቀጣዩ ዓመት እኔ ራሴ ለእናቴ ማንበብ እስክችል ድረስ አንድም ቀን አላጓደለችም። መዝሙሯን ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አልሰማሁትም። እሑድ እሑድ የጸሎት ቤቷ ሰዎች ለብሰው በራችን በኩል ሲያልፉ እሷ ከቤቷ አትወጣም ነበር።

በአንዱ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ የቤቷ ደፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ እጇ ሥራ ፈትቶ ጭኗ ላይ ተኝቷል።  ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀና ብላም አላየችኝ፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ።