ወንዝ የተሻገረው እንሰቴ

ካርታው የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕለት ሰዉ እንደ ሠርግ ፎቶ ተጋፍቶ ነበር የሚያየው። ከአውሮፕላን የተነሳ የሰፈራችን ፎቶ ነው፤ በላዩ ላይ የየሰዉ ይዞታ በቢጫ መስመር ተከቦ ስም ተጽፎበታል። መነጽሬን አድርጌ ቆርቆሮ ጣሪያዬንና የእንሰት ጓሮዬን ወዲያው ለየኋቸው። ስሜ ግን እዚያ የለም። ስሜ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከብት እንኳ በበጋ ብቻ የሚገባበት ረግረግ ላይ ተቀምጧል። እንሰቴ ላይ የተጻፈው ከእኔ ብዙ አጥር አልፎ ዳገቱ ላይ የሚኖር ሰውዬ ስም ነው።

ያን እንሰት ከባሌ ጋር ነው የተከልነው። ልጆቼ በእሱ ቆጮ አድገዋል። ካርታው ደግሞ ሳይታረም ከግድግዳው ከወረደ፣ በይዞታ ደብተራችን ላይ የሚታተመው እሱው ነው ተብሏል።

"አንተ ልጅ፣ እኔ መቼ ነው የተሻገርኩት?" አልኩት የመሬት ሠራተኛውን።

"ሲስተም ነው፣ እማማ።"

"ይሄ ሲስተም የምትሉት የማን ልጅ ነው? አምጣውና ላናግረው።"

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሲለካ እኮ እዚያው ነበርኩ። ለኪዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው የሰንሰሉን አጥር ተከትለው ሲዞሩ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር ቆመን "ድንበሩ እዚህ ጋ ነው" ብለን ተስማምተናል። በእኛ ዘንድ ሰንሰል ከተተከለ ድንበሩ ሰንሰሉ ነው፤ የነቀለው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ታዲያ እኛን ማን ነቀለን?

በማግስቱ ስመለስ የዳገቱ ሰውዬ ቀድሞኛል። ጠረጴዛውን እየደበደበ ሲጮህ ሠራተኛው በኮምፒውተሩ የእሱን መስመር ብቻ ጎትቶ ቤቱ ላይ አስቀመጠለት። ሰውዬው ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን።

"ጩኺ፣ እትዬ! እዚህ ቤት የሚሰማው ጩኸት ነው።"

ሠራተኛው ገና ሲያየኝ፣ "ይምጡ እማማ፣ የእርስዎንም ልጎትትልዎት" አለ።

"የጎረቤቶቼንስ?"

"ሲመጡ።"

"ከእኔ በታች ያለችው ጎረቤቴ ታማለች፤ ከአልጋ አትነሳም። ከእሷ አጠገብ ያለው ልጅ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ቤቱን የያዘችው እናቱ ዓይኗ አያይም። እነሱ መቼ መጥተው ይጩኹልህ?"

"እማማ፣ የእርስዎን ላስተካክል ወይስ ይቅር?"

"ይቅር! ስትገፉን ሁላችንንም እኩል ነው የገፋችሁን። ስትመልሱንም እኩል መልሱን!"

የገዛ ወንድሜ ሳይቀር ተቆጣኝ። "እንሰትሽ ሊሄድ ነው፣ አንቺ የሰው ጉዳይ ትቆጥሪያለሽ" አለኝ። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ኮምፒውተር አላውቅም። ለጮኸ ብቻ መሬቱ የሚመለስበት አሠራር ግን አሠራር እንዳልሆነ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ባጃጅ ተሳፍሬ ሆሳዕና ከተማ፣ የዞኑ መሬት ቢሮ ሄድኩ። "ነገ ይምጡ" አሉኝ። ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው። እንደገና ስሄድ መብራት የለም። ሲመረኝ ከጥበቃው በርጩማ ተውሼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ወጣት ባለሙያ ሁለት ጊዜ ተሻግራኝ ካለፈች በኋላ አፍራ መሰለኝ፣ አስገባችኝና ካርታችንን ከፈተች።

"ሁላችሁም ነው የሄዳችሁት? ወደ አንድ አቅጣጫ?"

"ሁላችንም፤ ወደ ወንዙ።"

ራሷን ያዘች። ፎቶው ከካርታ ጋር የተያያዘው በድሮው መለኪያ ነው፤ ለኪዎቹ የያዙት መሣሪያ ግን ከሳተላይት ነው የሚያነበው። ሁለቱ መነሻቸው ለየቅል ነው፤ መነሻውን ዳተም ይሉታል። "ቁጥሩ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው፣ እማማ፤ ቦታው ግን ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይራራቃል። አንዱን ወደ ሌላው ሳይቀይሩ ነው የደረቡት።"

"ማለት አንዱ 'ሦስተኛው ቤት' ሲል ከወፍጮ ቤቱ ይቆጥራል፣ ሌላው ከቤተ ክርስቲያኑ?"

"እንደዚያ ነው።"

"ይህን ሳትጠያየቁ ነው የእኔን ጓሮ ወንዝ ያሻገራችሁት?"

ባለሙያዋ ቀበሌያችን ድረስ መጥታ ሁሉንም መስመር በአንድ ጊዜ መለሰችው።

ካርታው እንደገና ሲሰቀል ስሜ እንሰቴ ላይ ነው። ታማሚዋም፣ ዓይነ ስውሯም በየሰንሰላቸው ውስጥ ገብተዋል። የዳገቱ ሰውዬ ስም ግን ቤቱን አልፎ ከበላዩ ያለው ኳስ ሜዳ መሃል ቆሟል። የእሱ መስመር አስቀድሞ በእጅ ተመልሶ ነበር፤ ከሁላችን ጋር እንደገና ሲገፋ እዚያ ደረሰ። ሠራተኛው እንደጎተተው ለባለሙያዋ አልነገራትም።

"በረኛ ሆነህ ተቀጠርክ?" አለው አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም።

ሠራተኛው እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። "እማማ፣ የእርስዎ ተስተካክሏል። ይፈርሙና ይገላግሉን።"

ሰውዬው ጥግ ላይ ቆሟል። ያን ዕለት ጠረጴዛ የደበደበው እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ይህ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ጩኸትህ የት ገባ? ና፣ እዚህ ተቀመጥ!" አልኩትና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለስኩ። "እሱ ከኳስ ሜዳው ይውጣ፤ ያኔ እፈርማለሁ።"