በአብዲ ሙዚቃ መሃል ያለው ጸጥታ

ልጄ አብዲ ከጓደኞቹ ጋር የተሳፈረበት መኪና እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ መርዶው የመጣ ዕለት፣ ከለቅሶዬ ጋር አንድ ፍርሃት ያዘኝ። ያ ይሠራው የነበረው ሙዚቃ አላህ ፊት ያስጠይቀው ይሆን?

ዛሬ ጓደኛው ናቲ የካ ወዳለው ቤታችን መጣ። ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር የሠሩትን፣ ሳይኬደሊክ ትራንስ የሚሉትን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስብስብ ሊያወጡት ነው፤ የአብዲም አንድ ሥራ አለበት።

"ማዘር፣ እርስዎ ሳይሰሙት አናወጣውም" አለኝ።

ሰማሁ። የመጀመሪያው ደስ ይላል፤ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ይሄዳል። ቀጣዮቹ ሁለቱ ግን ጆሮ የሚያደነቁር የካራ ሰፈር ወፍጮ ቤት ናቸው። (ናቲ አንገቱን ደፍቶ "አንዱ የኔ ነው" አለ።)

የአብዲ መጨረሻ ላይ መጣ። መሃል ላይ ሙዚቃው ድንገት ቆመ፤ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ቆይቶ ቀጠለ።

"ቤት ውስጥ እየተጫወተ በማይክ ሲቀዳው የውጭ ድምፅ ገብቶበታል። ይሄን እንቆርጠዋለን" አለ ናቲ።

"መልሰህ አሰማኝ" አልኩት።

የሰፈራችን መስጊድ የሶላት ጥሪ፣ አዛን ነው። አዛን ሲሰማ ሙዚቃ እንዲዘጋ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለካ ብቻውን ሆኖም ይዘጋ ነበር።

"እንዳትቆርጡት" አልኩት።

ፍርሃቴ ቀለል ቢለኝም ጨርሶ ግን አልለቀቀኝም። ልጅ የቀበራችሁ እናቶች፣ ልጆቻችሁ ትተውት የሄዱትን ነገር እንዴት ደፍራችሁ ከፈታችሁት? ጻፉልኝ። ለአብዲዬም ዱዓ አድርጉለት።